ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሴትዮዋም የወጣላትን ስም የሰማችው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ስትወርድ፣ አንዲት እናት ጎረቤቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ተነሽ እንግዲህ፣ እትዬ ምን ይጨመር መጡልሽ» ስትል ሰማች። መጀመሪያ የሌላ ሰው ነገር መሰላት። ዞር ብላ ከኋላዋ ብታይ ማንም የለም።

ስሙ ብዙም አልከፋትም፤ ሥራዋ እሱው ነበር። በትምህርት መምሪያው ውስጥ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ናት። ትምህርት ቤቶች በሚቀጥለው ዓመት ምን ማስተማር እንዳለባቸው ሲታቀድ፣ ወላጆችንና መምህራንን እየሰበሰበች ትጠይቃለች፤ ምን ይጨመር? ምን ይቀነስ? የሰጧትን መልስ አደራጅታ ለኃላፊዋ ታቀርባለች። መሥሪያ ቤቱ ይህን ነገር «የፍላጎት ዳሰሳ ጥናት» ይለዋል። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ሰሞን ስሙን ስትጠራ ደረቷ ይነፋ ነበር። ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ከደረሰ ወዲህ ግን ስሙ ራሱ እንደ ረጅም ደረጃ ያደክማታል።

የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ባለበት፣ ውስጡ ግን ከተሰበሩ ወንበሮች በቀር ብዙም ነገር በሌለበት ክፍል ነበር። ወላጆቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ እንግዳዋን አስተዋውቆ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ልጆቻችሁ ምን ይጎድላቸዋል?» አለች። «ትምህርት ቤቱ ምን ቢያስተምርላችሁ ትወዳላችሁ?»

ዝም አሉ። ዝም እንደሚሉ ታውቅ ነበር። ከዝምታው ቀጥሎ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደሚነሡም ታውቅ ነበር። ተነሡ።

«በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጠን አካል ምስጋናችን ይድረስ። ልጆቻችን ምንም አልጎደለባቸውም። ይጨመር ከተባለ ግን፣ ያው ዘመኑ ነውና ኮምፒውተር ይጨመርልን።»

ከጎናቸው የነበረችው ሴት ሻርፗን እያስተካከለች ተነሣች። «እኔ የምለውን አባታችን ጨርሰውታል። ኮምፒውተር።»

«እኔም የአባታችንን ሐሳብ ነው የምደግፈው።»

«እኔም።»

«እኔ እንኳ ትንሽ ለየት ይልብኛል» አለ ከወደ ኋላ፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት አንድ ግንበኛ። ሴትዮዋ ብዕሯን አነሣች። «ኮምፒውተሩ አዲስ ቢሆን።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ብዕሩን ግን መልሳ አስቀመጠችው።

ነገሩ ሁሉ ካንገት በላይ እንደሆነ አላጣችውም። ሰዎቹ ዋሾዎች አይደሉም። እንግዳ ፊት ጉድለትን ማውራት የጓዳን መጋረጃ ገልጦ እንደማሳየት ስለሚቆጠር ነው። ጉድለት ልትጠይቅ የመጣችው ሰው፣ ከሰው ሁሉ ተለይታ ጉድለት የሚደበቅባት ሰው ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ይህንኑ ምስጋናና ይህንኑ ኮምፒውተር ትሰበስባለች።

የዘንድሮው ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀር ጥናት አልነበረም። የዚህ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል በሒሳብ ውጤቱ ከአካባቢው ሁሉ መጨረሻ ከሆነ ሰነበተ። ኃላፊዋ መፍትሔውን አስቀድሞ በአፉ ይዞ ነበር፤ ለሰባተኛ ክፍል ተጨማሪ የሒሳብ ሰዓት ከትምህርት ማብቂያ ላይ ይቀጠል፣ መምህሩ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወርና በሌላ ይተካ። «የእርስዎ ጥናት ፍላጎቱን ያሳይልኝ፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሏታል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውየውን የሚያነሣው እጅ የእሷ ነበር።

ሰውየውን ደግሞ ታውቀዋለች። ተማሪዎቹ «መምህር እንደገና» ይሉታል፤ ያስተማረውን መልሶ መላልሶ ስለሚያስተምር ነው ይባላል። የባለቤቱ የዓይን ብርሃን ከጠፋ ዓመታት ሆኗል። በምሳ ሰዓት ወደ ቤቱ እየሮጠ ይሄድና አብልቷት፣ ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀምጧት ይመለሳል። ከወንዙ ማዶ ለምሳ ደርሶ መመለስ የለም። ከተዛወረ፣ ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እየዳበሰች ልትውል ነው።

ስብሰባው ተበተነና ሴትዮዋ ወደ መኪናው ሄደች። ጥናት ማለት ጠዋት ነው፤ መኪናው ከሰዓት በኋላ ለሌላ ክፍል ስለሚፈለግ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ይመለሳል። ሹፌሩ ግን ከጎማው ፊት ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ተነፈሰ?»

«ተነፈሰ፣ እትዬ።»

«መለዋወጫውን አውጣዋ።»

«መለዋወጫውማ ቀድሞ የተነፈሰው ነው። ይሄ ነው የተለወጠው።» ሹፌሩ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እስከ ማታ ድረስ ትምህርት ቤት ገቡ ማለት ነው። የቤት ሥራ እንዳይሰጥዎት ብቻ ይጠንቀቁ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ የተገኘችው። ምሳ ሰዓቱን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ፣ የተቀደደ የዓለም ካርታ ሥር ተቀምጣ አሳለፈችው። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ደወል ሰማች። እግሯን ለማፍታታት ወጣች። ያየችውን ነገር ለማመን ግን ደረጃው ላይ መቆም ነበረባት። የሰባተኛ ክፍል ልጆች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በመስመር ይወጣሉ። የሚሮጥ የለም፣ የሚደበቅ የለም። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ቶሎ በሉ፣ ሰልፉ ረዝሟል» ይላቸዋል።

ወደ ክፍሉ ሄዳ በመስኮት አየች። በየዴስኩ ላይ ቦርሳ አለ፤ የቦርሳው ባለቤት የለችም። ከፊት ለፊት ተሰብስበው ለተቀመጡ ጥቂት ልጆች መምህር እንደገና ክፍልፋይ ይደምራል። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው።

ልጆቹ ሲወጡ ጠብቃ ገባች። ጠመኔውን ከጣቶቹ እያራገፈ አያት፤ አልደነገጠም።

«መኪናው ተበላሸ እንዴ?» አለ።

«ጎማ ነው።»

«እኔም ብያለሁ። ከሰዓት እዚህ እናንተን አይቼ አላውቅም።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ቦኖ።» በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ሕዝብ ቧንቧው አመለከታት። «ውሃ የሚለቀቀው በዚህ ሰዓት ነው። እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ታናናሾቻቸው ጀሪካን መሸከም አይችሉም። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ይችላል። እኔ ብቻዬን ነኝ ለሁሉም ክፍል ሒሳብ የማስተምረው፤ ትንንሾቹ ከሰዓት ስለሚያንቀላፉ ጠዋቱን እነሱ ይወስዱታል። ሰባተኛ ክፍል መጨረሻ ይደርሰዋል። ጠዋት ነፃ የምሆነው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ እነሱ ሌላ ትምህርት ላይ ናቸው።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትላለህ? ለአንድ ሰው አትናገርም?»

«ማን ላይ ልናገር? እናቶቹ ላይ? ርዕሰ መምህሩ ላይ? እሱ እኮ አዝኖ ነው በሩን ያስከፈተው። ብናገር እሱ ይጠየቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ ልጆቹ ደግሞ በአጥር ይዘላሉ።» ቦርሳዎቹን አየ። «ጠዋት ደወል ሳይደወል ይመጣሉ። በረንዳው ላይ እንደገና አስተምራቸዋለሁ። ግማሾቹ ይመጣሉ። ግማሾቹን እንቅልፍ ያስቀራቸዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔንም ያስቀረኛል አንዳንዴ።»

እሷ ስለ ዝውውሩ ልትነግረው ፈለገች። እሱ ቀደማት።

«ሊያነሡኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ» አለ። «እርስዎ የሚጽፉትን ይጻፉ። ብቻ በሩን አያዘጉባቸው።»

ስትወጣ ርዕሰ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ላብ አጥምቆት ጠበቃት። «እትዬ፣ አደራዎን» አለ። እሷም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ መኪናው ወረደች።

ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሶፋው ላይ ነበረች።

«ምነው ፊትሽ ዛሬ እንደ ታጠበ ጨርቅ?» አለቻት።

«አልታጠበም፣ እታለም። ውሃ ጠፋ።»

«የት? እኛ ቤት አለ እኮ። እንዲያውም ያ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አእምሮዬን ሊያናጋው ነው።»

ተነሥታ ሄዳ ቧንቧውን አጠበቀችው። እጇ እርጥብ እንደሆነ እዚያው ቆመች። ስንት ዓመት ነው ጠዋት ጠዋት እየሄደች የጠየቀችው? በስንቱ ሰፈር፣ በምሳ ሰዓት መኪናው ሲመለስ፣ ከኋላው ስንት በር ተከፍቶ ይሆን? ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ አዳምጣ ስትጨርስ «መጠየቁን ትተሽ ስትሄጂ ነው የሚነግሩሽ» አለች። «የእኛን እናት አስታውሺ። ምን ጎደለሽ ሲሏት ምንም፤ ሲሄዱ ግን ለእኛ ሁሉንም ትዘረዝርልን አልነበር?»

ሴትዮዋ ሌላም ነገር ታስታውስ ነበር፤ ለእህቷ ግን አልተናገረችውም። ልጅ ሳሉ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንዲት መምህርት ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ታነብላቸው ነበር። የመጽሐፉን ስም እስከ ዛሬ አታውቀውም። የዝናቡን ድምፅ ለመብለጥ መምህርቷ ስትጮህ የአንገቷ ሥር ይገተር ነበር። ሴትዮዋ የቋንቋ መምህርት የሆነችው፣ ኋላም መምሪያው ስትገባ ከስንት ሰው ጋር ተጣልታ በሳምንቱ ድልድል ውስጥ የንባብ ክፍለ ጊዜ ያስገባችው ያንን ድምፅ ለመመለስ ብላ ነው። ፈተና የለውም፣ ውጤት የለውም፤ ልጆች ይቀመጣሉ፣ አንድ ሰው ያነባል። በዕድሜዋ «ይጨመር» ብላ ያስጨመረችው እሱን ብቻ ነው። በሰባተኛ ክፍል ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁሉ ጥሩው፣ ልጆች የነቁበት።

ሐሳቡ የመጣላት እዚያው ቧንቧው አጠገብ ነው። ወዲያው ጠላችው።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ተመልሳ መጣች፤ ትምህርት ቤቱ አልገባችም፣ ወደ ቦኖው ወረደች። ቢጫ ጀሪካኖች እንደ ባቡር ተሰልፈዋል። ከሥራ ያመለጡ ጥቂት እናቶችም ነበሩ። ከእነሱ መካከል ያቺ በሩ ላይ «እትዬ ምን ይጨመር» ያለቻት፣ ስሙንም ያወጣችላት ሴት ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣለች። ስታያት ከት ብላ ሳቀች።

«እትዬ! ጀሪካንዎ የታለ?»

«ወረፋ ያዥልኝ፣ መጣሁ።»

«እዚህ ደግሞ ምን ሊያስጨምሩ ነው? ውሃ?»

«ኮምፒውተሩን ላስታውሳችሁ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። «እስቲ ተይን» አለች ሌላዋ፤ «አባታችን ኮምፒውተር ካሉ እኛ ምን እንበል? ልጄ ከክፍል ወጥታ ውሃ ትቀዳለች ልበል እንግዳ ፊት? ርዕሰ መምህሩን አሳስሬ ልግባ?»

«ሒሳቡስ?»

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። ስም አውጪዋ የጀሪካኗን ክዳን እየጠመዘዘች ተናገረች። «የእኔዋ ባለፈው ገበያ ወጥታ መልስ መቁጠር አቃታት። ሰባተኛ ክፍል ናት እኮ። ማታ አልቅሳ ‹እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ› አለችኝ። ደደብ አይደለሽም፣ ውሃ ቀጂ ነሽ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? እኔ ፋብሪካ እውላለሁ፤ ውሃው እኔን አይጠብቅ።»

«ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ሰዓቱን ቀይሩ ብዬ።»

«እህስ?»

«በደብዳቤ ይጠየቅ አሉ።»

«እሰይ! የልጅ ልጄ ትቀዳዋለች።»

እንደገና ሳቁ። ሰልፉ ትንሽ ሄደ፤ ጀሪካናቸውን በእግራቸው ገፉ። ያኔ ነው ስም አውጪዋ ቀና ብላ ያየቻት፣ እንደ ዘመድ ትኩር ብላ።

«እርስዎስ፣ እትዬ? ሁሌ ይጠይቁናል። ለእርስዎ ምን ይጨመርልዎት?»

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ይህን ያህል ዓመት ስትጠይቅ ኖራ፣ ጥያቄው ወደ እሷ ሲዞር እንግዳ ሆነባት።

«እንቅልፍ» አለች በመጨረሻ።

«አሜን!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ኃላፊዋ በልጅነቱ ተማሪዋ ነበር። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሩ ሲዘጋ ግን «አንተ» ይመጣል። የዚያን ቀን በሩን ራሷ ዘጋችው።

ጥናቷን አንብቦ ጨርሶ መነጽሩን አወለቀ። «መምህርት፣ እዚህ ላይ ‹ምንም አይጨመር› ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ለመጨመር እኮ ነው የላክሁዎት።»

«መጨረሻ ላይ የምትጨምረው ሰዓት ለቦርሳ ነው የሚሆነው። ልጆቹ እዚያ ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ያስፈልጋሉ። ሰውየውን ብታነሣው የሚመጣው ሌላ ሰው ለዚያው ቦርሳ ያስተምራል፤ እንዲያውም ጠዋት በረንዳ ላይ የሚደግምላቸው አይገኝም። የሰባተኛ ክፍልን ሒሳብ ወደ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አምጣው። ሰውየውን ተወው።»

«ከትምህርት ሰዓት ልጅ የሚያስወጣ ርዕሰ መምህርስ?»

«እሱን ከነካህ በሩ ይዘጋል፤ በሩ ከተዘጋ ልጆቹ ጭራሽ ይቀራሉ። ይህን እኔ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ጡረተኛን የት ያዛውሩታል?»

ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ድልድሉን ስቦ ጣቱን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አሳረፈ። ጣቱ እዚያው ቀረ።

«እዚህ ላይ ንባብ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«የእርስዎ ንባብ።»

«የእኔ ርስት አይደለም፣ ክፍለ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ አድርገው።»

«መጨረሻ ላይ ማን ያዳምጠዋል?»

ብዕሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እሱም ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሲያነቡልን ይንቀጠቀጡ ነበር» አለ፤ «የሚፈሩ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ። እሷም ከቢሮው ስትወጣ የአሸናፊነት ነገር ጨርሶ አልተሰማትም። ዕቃዋን ሰው ቤት ረስታ የወጣች ያህል እየዞረች ወደ ኋላ ታይ ነበር።

ትምህርት በአዲሱ ድልድል ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን ሄደች። ጠዋት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በሰባተኛ ክፍል መስኮት በኩል አለፈች። ዴስኩ ሁሉ ሙሉ ነበር። መምህር እንደገና ጮክ ብሎ ነው የሚያስተምረው፤ የተኛ ሰው የለበትም። ሲያያት በጠመኔው ብቻ ሰላም አላት። ባለቤቱ ደህና እንደሆነች፣ በረንዳው ላይ መድገሙ ስለቀረም ጠዋት አብረው ለመቀመጥ ጊዜ እንዳገኙ ዘበኛው ነገራት።

የመጣችው ግን ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። የቋንቋው መምህር ጉንፋን ስለያዘው መጽሐፉን በደስታ አስረከባት። እንደጠበቀችው ነበር፤ በየዴስኩ ቦርሳ፣ ከፊት ጥቂት ልጆች፣ ቤታቸው ቧንቧ ያላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከወዲሁ አዛጋ። ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲሄድና ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ሰማችው። ለምን መጣሁ አለች በልቧ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ዓይኗ ፊደሉን ቢያነብም ሐሳቧ ቤቷ፣ ጫማዋን የምታወልቅበት ቦታ ላይ ነበር።

ከውጪ የባዶ ፕላስቲክ ኳኳታ ተሰማ። ቀና አለች። ልጆቹ እየተመለሱ ነበር፤ ከነጀሪካናቸው፣ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ቀላል። ጀሪካኖቹን በበረንዳው ላይ ደረደሯቸውና እየተገፋፉ ገቡ፣ በየቦርሳቸው ፊት ተቀመጡ።

«ምነው?» አለች።

«ውሃው ዛሬ አልመጣም» አለች አንዲት ልጅ፤ ዓይኗ የስም አውጪዋን ይመስላል። «ቧንቧው ነፋስ ብቻ ነው የሚተፋው።»

ሴትዮዋ ደስ አላት። ደስ በማለቷ ደግሞ ፊቷ ጋለ። እነዚህ ልጆች ዛሬ ማታ ውሃ የሌለበት ቤት ነው የሚገቡት፤ እናቶቻቸው ከፋብሪካ ደክመው ሲመለሱ የሚታጠቡበት የላቸውም። እሷ ደግሞ ክፍሏ ስለሞላላት ደስ አላት።

«የት ደርሳችኋል?» አለች ልጅቷ፣ መጽሐፉን አሻግራ እያየች።

«ሁለተኛ ገጽ።»

«እና እኛስ?»

ከፊት ያሉት አጉረመረሙ። «ኧረ እትዬ፣ ሰምተነዋል!» አለ ያዛጋው።

ሴትዮዋ ያነበበችውን ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ውሃ ልጠይቅ ብላ ተወችው። ወንበሩን ሳበች፣ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች፤ «እንደገና።»